«ያ ባል እኔ ነኝ ወይ?» አለኝ

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። እኔ ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ዕድሜዬ 35 ነው። ካገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ ሁለት ልጆች አሉን። የምንኖረው ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ወረድ ብሎ ነው። እኔ ለገሃር አካባቢ ቢሮ እሠራለሁ። ባለቤቴ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ወጥቶ ማታ ሁለት ሰዓት ይገባል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ እናቱም ከእኛ ጋር ናቸው።

ልብ ወለድ እወዳለሁ፤ በተለይ የፍቅርና የትዳር። ከጓደኞቼ ጋር የንባብ ክበብ አለን። ድሮ ፒያሳ አንድ ካፌ ነበር የምንገናኘው። ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ አራት ኪሎ መጣን። በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ስለ አንድ መጽሐፍ እናወራለን። ባለቤቴ ተቃውሞኝ አያውቅም። እንዲያውም በብሔራዊ ቴአትር በኩል ሲያልፍ ከአዟሪዎቹ አሮጌ መጽሐፍ ይዞልኝ ይመጣ ነበር። ርዕሱን እንኳ የሚያየው አይመስለኝም።

ባለፈው ወር ያነበብነው ስለ አንዲት ባለትዳር ነው። ባሏ አያናግራትም። ሲገባ «ራት ደርሷል?» ይላል። በልቶ ቴሌቪዥን ያያል፤ ይተኛል። ልደቷን አያስታውስም። ፀጉሯን ተቆርጣ ብትመጣ ልብ አይልም። አባቷ ሲሞቱ እንኳ «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ ከለቀስተኛው ጋር ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ። አባቷ ታመው ሳሉ ለሕክምናቸው መኪናውን ሸጦ ነበር። በመጨረሻ ልጆቿን ይዛ ወጣች።

ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ደግ አደረገች» አለ። አንዲት ጡረተኛ መምህርት አሉ፣ የሁላችንም ታላቅ ናቸው። እሳቸው «መኪናውንስ ምነው ዘለላችሁት?» አሉን። እኔ ያኔ ግንፍል አልኩ። «ትዳር ማለት ወጪ መሸፈን ብቻ አይደለም። ቤት ገብቶ እንዴት ዋልሽ ከማይል ሰው ጋር ከመኖር ብቻዬን ብኖር እመርጣለሁ። እኔ ብሆን ገና ዱሮ ነበር የምወጣው» አልኩ። ተጨበጨበልኝ።

አንዷ በስልኳ ስትቀዳ ነበር። ድምፁን ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለቀቀችው። ከዚያ እንዴት እንደወጣ እንጃ፤ የባለቤቴ የአክስት ልጅ ጋ ደረሰ። እሷም ለእሱ ላከችለት።

አልጮኸም። አልተሳደበም። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ አሰማኝና «ያ ባል እኔ ነኝ ወይ?» አለኝ። «ኧረ መጽሐፉን ነው!» አልኩት። «እሺ» ብሎ ተነሣ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነን። እንደ ወትሮው ይገባል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ግን ቀና ብሎ አያየኝም። መጽሐፍ ማምጣቱንም ትቷል። እናቱ ነገሩን ሰምተው ቡና ሳፈላ «ይኼ መጽሐፍ የሚሉት ነገር ነው ቤት የሚበትነው» ይላሉ፤ ለልጆቹ እንደሚያወሩ ሆነው።

ክበቡን ልተወው? መጽሐፎቼን ሰብስቤ ለሰው ልስጥ? ወይስ ምንም ሳላጠፋ ለምን እሸማቀቃለሁ? እውነቱን ልንገርዎትና፣ ያን ቀን የተናገርኩት ስለ መጽሐፉ ይሁን ስለ ራሴ እኔም አላውቀውም።

ነኝ ከግንፍሌ


መልስ

እህቴ፣ የደብዳቤሽ የመጨረሻ መስመር ባይኖር ኖሮ መልሴ አጭር ነበር። «ምን አጠፋሽና ትሸማቀቂያለሽ» ብዬሽ አልፍ ነበር። ዋናውን ነገር ግን አንቺው ጻፍሽው። ስለ መጽሐፉ ይሁን ስለ ራሴ አላውቀውም አልሽ። እኔ ሁለቱንም ነው ባይ ነኝ።

በዚህ ደግሞ ብቻሽን አይደለሽም። ስለ ወንጀል ልብ ወለድ ስንከራከር ገዳዩን የቱ ጋ እንደጠረጠርነው ነው የምናወራው። የትዳር ልብ ወለድ ሲሆን ግን እያንዳንዳችን የየቤታችንን ይዘን ነው የምንቀመጠው። «ደግ አደረገች» ያሉትን ጓደኞችሽን እስቲ አስቢያቸው። ኑሯቸውን ታውቂዋለሽ። አስተያየታቸውን ስትሰሚ የማን ቤት እየተወራ እንደሆነ ሳይገባሽ አይቀርም። መምህርቷም መኪናውን ያዩት እንዲሁ አይመስለኝም። ዝም ብሎ የሚሠራ ሰው በሕይወታቸው ሳያልፍ አልቀረም። የንባብ ክበብን የምወደው ለዚህ ነው። «እኔ» ሳይሉ ስለ ራስ ማውራት የሚቻልበት ቦታ ብዙ የለንም። የቡና ጎረቤቱም ግማሹ ኮንዶሚኒየም ገብቶ፣ ግማሹ ሰፈሩ ፈርሶ ተበታትኗል።

ስለዚህ ክበቡን ተይ አልልሽም። መጽሐፎችሽንም ለማንም አትስጪ። እነሱን ብትሰጪ ባለቤትሽ «ለካ እውነትም ስለ እኔ ነበር» ከማለት በቀር ምን ያተርፋል? ቢሮ ደብቆ ማንበብም አለ፣ ብዙ ሴት ታደርገዋለች። እሱ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። አሁን እናንተ ቤት የጎደለው ግልጽ ንግግር ነው፤ ሌላ ምስጢር አትጨምሪበት።

አሁን ያን ድምፅ በሱ ጆሮ ስሚው። ሶማሌ ተራ ሙሉ ቀን «ኦሪጅናል ነው፣ አይደለም» ሲባባል የዋለ ሰው ነው። የአክስቱ ልጅ አንድ ነገር ላከችለት። ከፈተው። የሚስቱ ድምፅ ነው። «እንዴት ዋልሽ ከማይል ሰው ጋር» ትላለች። «ገና ዱሮ ነበር የምወጣው» ትላለች። ቀጥሎ ጭብጨባ። እኔን ብትጠይቂኝ ከቃሉ ይልቅ የጎዳው ጭብጨባው ነው። መጽሐፉን አላነበበም። ስለ ልብ ወለድ ሰው እየተወራ መሆኑን የሚያሳየው ነገር የለም። የሰማው አንድ ክፍል ሙሉ ሰው በትዳሩ ላይ ፈርዶ ሲያበቃ ነው። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ይመጣል፤ የአክስቴ ልጅ ጋ እስኪደርስ ስንት ሰው ሰምቶታል? የሱቅ ጎረቤቶቼስ?

እንዲህ ሆኖ ገብቶ ምን አደረገ? ልጆቹ እስኪተኙ ጠበቀ። ለሽማግሌ አልከሰሰሽም። አንድ ጥያቄ ጠየቀሽ። ለማያወራ ሰው ይኼ ቀላል አይደለም። ምናልባት በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከጠየቀሽ ሁሉ ከባዱ ጥያቄ ይኼ ይሆናል። አንቺ ደንግጠሽ «መጽሐፉን ነው» አልሽ። ማንም በዚያ ሰዓት እንደዚያ ይላል፤ አልፈርድብሽም። ግን «እሺ» ያለው አምኖሽ አይመስለኝም። ጥያቄው አሁንም መልስ እየጠበቀ ነው። ሦስት ሳምንት ቀና ብሎ ያላየሽ ለዚያ ይመስለኛል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ መልሺው። «ገና ዱሮ ነበር የምወጣው» ስትይ እውነትሽን ነበር? ሰው ሲሰማን፣ ሲያጨበጭብልን፣ ከምናስበው በላይ እንናገራለን። የክርክር ሙቀት ነው። እንደዚያ ከሆነ ይኼን ማወቅ አለበት። አሁን ሌሊት የሚያስበው «አታናግረኝም ትለኛለች» እያለ አይመስለኝም፤ «ልትሄድ ነው እንዴ?» እያለ ይሆናል። ሚስቱ ልትሄድ ነው ብሎ የጠረጠረ ሰው ደግሞ አንዳንዴ ቀድሞ ይርቃል። እውነትሽን ከነበረ ግን፣ ማለትም ልብሽ አንድ እግሩን ከቤት ካወጣ ቆይቶ ከሆነ፣ ይኼን በመጽሐፍ መሸፈን ለሁለታችሁም አይበጅም። ሁለቱ መንገዶች ለየቅል ናቸው። ከደብዳቤሽ የተረዳሁት የመጀመሪያውን ነው፤ ልትሄድ ያሰበች ሴት «መጽሐፎቼን ለሰው ልስጥ?» ብላ አትጠይቅም።

አሁን ደግሞ ትንሽ ልቆጣሽ ነው፣ በፍቅር። ያ ልብ ወለድ ምን እንደሚል ስትነግሪኝ ባልየው ምን ምን እንዳላደረገ ዘርዝረሽ ጻፍሽልኝ። ራቱ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ልደቷ፣ ፀጉሯ፣ ለቅሶው። መኪናውን በአንዲት ዓረፍተ ነገር አለፍሻት። ስለ ራስሽ ባል ስትጽፊም እንደዚያው አደረግሽ። ከሥራ መልስ መጽሐፍ ይዞልሽ ይመጣ ነበር፤ እሷንም ጣል አድርገሻት «ርዕሱን እንኳ የሚያየው አይመስለኝም» ብለሽ አለፍሽ። እስቲ ቆይ። ለአንቺ ለመምረጥ አዟሪው ፊት ቆሞ የሚያየውን ሰው አስቢው። የቱን እንዳነበብሽ፣ የቱን እንዳላነበብሽ በምን ያውቃል? ድጋሚ አምጥቶልሽ ያውቃል? ካላመጣ፣ መደርደሪያሽን ያያል ማለት ነው።

ይኼን የምልሽ «ይሠራልሽ የለ፣ ምን ጎደለሽ፣ ዝም በይ» ለማለት አይደለም። እንዲህ ዓይነት ምክር ሴቱን ሁሉ አንገት አስደፍቷል፤ እኔ አልመክረውም። «እንዴት ዋልሽ?» መባል የሚናፍቀው ሰው ቅንጡ አይደለም። የፍቅር ልብ ወለድ ሴቶችን ያልሆነ ነገር ያስመኛል የሚሉ አሉ። አንዳንዱ መጽሐፍ ላይ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ባልየው ሀብታም፣ ቆንጆ፣ አልቃሽ፣ ሁሉንም አንድ ላይ የሆነበት ስንት አለ! አንቺ የጠየቅሽው ግን ያንን አይደለም። ለራት አብሮ ተቀምጦ መጫወትን ነው። እሱን ከመጽሐፍ አልተማርሽውም። ምናልባት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነበራችሁ፤ ነበራችሁ ወይ? ከነበራችሁ መቼ ቆመ? ሁለተኛው ልጅ ሲወለድ? ሱቁ ሲሰፋ? እናቱ ሲመጡ? ይኼን ስታገኚው ምን እንደምትጠይቂው ታውቂያለሽ።

የልብ ወለድ አንድ ጠባይ አለው፤ አንባቢ ሁሉ ቢያስተውለው ደስ ይለኛል። ደራሲው ሚስትየዋ ጭንቅላት ውስጥ ያስገባናል። ሌሊት የምታስበውን እንሰማለን። ባልየውን የምናየው ከውጭ ነው፤ ሲገባ፣ ሲበላ፣ ሲተኛ። እንደዚያ ከታየ ማንም ሰው ቀዝቃዛ ነው። የዚያ መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ በባልየው አፍ ቢጻፍ ኖሮ የክበባችሁ ድምፅ እንዴት ይከፈል ነበር? የአንቺ ባል ያን ምዕራፍ ቢጽፍስ? በእናቱና በሚስቱ መሐል ቆሞ የሚያድር፣ የሁለቱን ፊት አንብቦ ዝም የሚል ሰው ሊሆን ይችላል። ቀጣዩን መጽሐፍ የመምረጥ ተራ ሲደርስሽ ወንድ የሚተርክበትን የትዳር ታሪክ ምረጪ። ክርክሩ ይጥማል።

ወደ ተግባሩ እንምጣ። በመጀመሪያ የጠየቀሽን መልሺለት። ቤት ውስጥ አይሁን፤ እናቱ አሉ፣ ልጆቹ አሉ፣ ግድግዳውም ይሰማል። እሑድ ከሰዓት «ትንሽ እንንቀሳቀስ» በይው። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ያለው የእግረኛ መንገድ አሁን ሰፍቷል፤ ጎን ለጎን ያስኬዳል። ጎን ለጎን ይሁን ያልኩሽ ሆን ብዬ ነው። ፊት ለፊት መቀመጥ ለእንዲህ ዓይነት ሰው ፍርድ ቤት ይመስለዋል።

እንዲህ ማለት ትችያለሽ፤ በራስሽ አነጋገር ቀይሪው፦ «ያን ማታ የጠየቅከኝን በትክክል አልመለስኩልህም። ስለ መጽሐፉ ነበር የጀመርኩት፤ መሐል ላይ የራሴ ነገር ገባበት። አንተ ሳትሰማ ሰው ፊት መናገሬ፣ ከሰው ስልክ መስማትህ አሳፍሮኛል፤ ይቅርታ። ከቤቴ ልወጣ አስቤ አላውቅም። ግን ማታ ማታ አጠገቤ ሆነህ ትናፍቀኛለህ።» የመጨረሻዋን እውነት ከሆነች ብቻ በያት። እዚያ ላይ አቁሚ። «አንተም እኮ…» የምትለዋ ነገር ትመጣለች፤ ለዛሬ ዋጫት። ይቅርታ የምትጠይቂው ነገሩ በደረሰበት መንገድ ነው። ስላነበብሽ፣ አስተያየት ስለሰጠሽ፣ ወይ ስለናፈቀሽ ይቅርታ አይጠየቅም።

ወዲያው ይመልስልኛል ብለሽ አትጠብቂ። ለሦስት ሳምንት የቋጠረው ነገር በአንድ እሑድ አይፈታም። ምናልባት ድጋሚ «እሺ» ይልሽ ይሆናል። ያ «እሺ» ከፊተኛው የተለየ ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት ቀን ስጪው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፤ ትንሽ ነገር። ከራት በኋላ ቴሌቪዥኑ ሳይከፈት አሥር ደቂቃ አብረን እንቀመጥ በይው። መጀመሪያ የምትጠይቂው አንቺ ሁኚ። «እንዴት ዋልክ?» ብቻ ካልሽው «ደህና» ይልሻል፤ ያልቃል። «ዛሬ ማን አስቸገረህ?» በይው። ሱቅ የዋለ ሰው የሚያወራው አያጣም። እሱም ከአንቺ የሚፈልገውን አንድ ነገር እንዲነግርሽ ጠይቂው፤ ስትሰሚው ደስ ባይልሽም አትከራከሪው።

መጽሐፉን «አንብብልኝ» ብለሽ አትስጪው። አሁን ቢሰጠው እንደ ክስ ማመልከቻ ነው የሚያነበው። ራሱ «እስቲ ምን ይላል» ካለ ሌላ ነገር ነው። ይልቅ ነገሩ ሲረግብ «ዛሬ መጽሐፍ አምጣልኝ፤ ግን ለምን እንደመረጥከው ትነግረኛለህ» በይው።

አማትሽን በተመለከተ ብዙ አትጨነቂ። እሳቸው ልጃቸው ቤት የገቡት ባለፈው ዓመት ነው። ይኼ ቤት ቢበተን የት ይገባሉ? «መጽሐፍ ቤት ይበትናል» ሲሉ ፍርሃታቸውን ነው የሚናገሩት። ደግሞም ተረጋግተው ቢጠየቁ ነገሩን የሚያምኑበት አይመስለኝም። የአማርኛ ልብ ወለድ ሀ ብሎ የጀመረው በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ በታተመው በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ ነው፤ እሱም የተማረከ አባትና የተበተነ ቤተሰብ ታሪክ ነው። አንብቦት ቤቱን የበተነ አልሰማሁም። በእሳቸው ዘመን ደግሞ ሬዲዮ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ስንቱ ቤት ለሰብለ ወንጌል አልቅሷል። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ቆጠራ ባል ሲመልሱባት አማትሽ ማንን እንደደገፉ ብትጠይቂያቸውስ? ቡና ስታፈዪ፣ ያለ ተንኮል። ትረካው አሁን ስልክ ላይ ይገኛል፤ ልጆቹም አብረው ቢሰሙ አይከፋም። ያኔ እሳቸውም አስተያየት ያላቸው አንባቢ፣ ይቅርታ፣ አድማጭ መሆናቸውን ታገኚያለሽ።

የአክስቱን ልጅ ለጊዜው ተያት። ለምን እንደላከችው አንድ ቀን ትጠይቂያት ይሆናል። አሁን ብትጠይቂያት ግን የሁለታችሁ ጉዳይ የዘመድ ጉዳይ ይሆናል።

አንድ ነገር ሳልጠይቅሽ ማለፍ አልፈልግም። ዝምታው ያስፈራሻል? ከዚህ በፊትም ሲከፋው ለሳምንታት እየዘጋሽ፣ ገንዘብ እየከለከለሽ፣ ወይም እጁን እያነሣ ከሆነ እስካሁን ያልኩሽን ሁሉ ወደ ጎን አድርጊው። ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብቻሽን የምትይዥው አይደለም። የምታምኚው ሰው፣ የጋብቻ አማካሪ ወይም የሕግ ባለሙያ ያስፈልግሻል። ደብዳቤሽ ላይ ይኼን አላየሁም። ግን ደብዳቤ ሁሉን አይናገርም።

መምህርቷን ደግሞ አንድ ቀን ለብቻቸው ቡና ጋብዣቸው። በዕድሜያቸው ብዙ ትዳር አይተዋል፤ በክርክር መሐል ያንቺን ንግግር ሰምተው አልተቆጡም። ስለ መኪናው ለምን እንዳነሡ ጠይቂያቸው። ስለ ባልሽ ምንም መንገር የለብሽም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ድምፁ ከግሩፑ ይውጣ። ለቀዳችው ልጅ ዛሬ ደውይላት፤ ግሩፑ ላይ አትጻፊላት፣ ታፍራለች። ክፉ አስባ አይደለም የቀዳችው። ሳይጠየቅ የማንም ድምፅ እንዳይቀዳም ቀጣዩ ቅዳሜ ላይ ተስማሙ። ሌሎቹም ያን ቀን ስለየቤታቸው ነው ሲያወሩ የነበሩት፤ ሐሳቡን የሚቃወም የምታገኚ አይመስለኝም።